ላም ናት አልኳት

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

ስለ ጥንብ አንሳዎች የማዘጋጀው የመማሪያ ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍሉ ዛሬ አለቀ። ትምህርት ሲከፈት ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይደርሳል። እኅቴ ብላሲና ከወጥ ቤት ሆና «ሰው ምሳውን በሚበላበት ሰዓት ስለ ጥንብ ጮክ ብለህ አታንብብ!» ትለኛለች። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፣ አሁንም እንደ ልጅ ትቆጣኛለች።

የከበደኝ ምደባው ነው። አሮጌው መጽሐፌ የወንዛችንን ጥንብ አንሳዎች ከንስርና ከጭልፊት ጋር ይመድባቸዋል። አዲሱ ደግሞ ለሽመላ ይቀርባሉ ይላል፤ ሙቀት ሲጠናባቸው እንደ ሽመላ የገዛ እግራቸው ላይ ይሸናሉ፣ መዳፋቸውም ደካማ ነው፣ ነጥቆ መብረር አይችልም። ባሕር ማዶ፣ አፍሪካና እስያ ካሉት ጥንብ አንሳዎች ጋር ግን በዘር አይገናኙም። መላጣው ራስ፣ የተቆለመመው ምንቃር፣ ሁሉም ቁርጥ አንድ ነው። አንድ ያስመሰላቸው ሥራቸው ነው። ይህን ለልጆቹ በምን ቋንቋ እንደማስረዳ ሳሰላስል ዋልኩ።

ትናንት ኤርሜሊንዶ መጥቶ ነበር። አበልጄ ነው፤ ልጁን ዙሌማን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሦስት ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። ባለ መሬቱ ዶን ታርሲሲዮ ረግረጉን ለከብቶቹ ብሎ በሽቦ ካጠረው ወዲህ ዓሣ አጥማጆቹ መግቢያ አጥተዋል። ኤርሜሊንዶ ሄዶ ሊያነጋግረው ቆርጧል።

«አብረኸኝ ና» አለኝ። «አንተ ስትናገር ሰው ያዳምጣል። እኔ ስናገር ጮኸ ይሉኛል።»

«ጉንፋን ይዞኛል፣ አበልጅ።»

«ጉንፋን የሚይዘው አፍንጫ ነው፣ ምላስ መቼ ይይዛል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ፣ ግድ የለም፣ ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ አለ።

ጉንፋኑ እውነት ነው። ዛሬም አልለቀቀኝም።

ጃንዋሪ 10፣ ዓርብ

ኤርሜሊንዶ ረቡዕ እንደወጣ አልተመለሰም። ሚስቱ ኖሄሚ ምሳ ሰዓት ላይ መጣች፤ ቁጭ በይ ብንላትም አልተቀመጠችም። ታንኳው ከዶን ታርሲሲዮ ግቢ በታች ታስሮ ተገኝቷል፣ መቅዘፊያው ውስጡ ነው። የዶን ታርሲሲዮ ሰዎች ግን «እዚህ ማንም አልመጣም» ብለዋታል።

«ከእርስዎ ጋር የሚሄድ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ጽሑፍ ላይ ነበርኩ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

ስትወጣ ብላሲና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «አንተ ምንም አታውቅም። ሰምተኸኛል? ምንም አታውቅም» አለችኝ።

እውነትም ምንም አላውቅም።

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

ከከተማው ፊት ለፊት ወንዙ መካከል ባለችው ደሴት ላይ ወፎች አሉ። ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በአቅርቦ ማሳያ መነጽሬ አየኋቸው።

መጀመሪያ ራሳቸው ቀይ የሆነው ጥንብ አንሳዎች፣ ቀይ ራሶቹ። ክንፋቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ እየተንገዳገዱ፣ ከዛፎቹ አናት ብዙም ሳይርቁ። የሚያሸቱት እነሱ ናቸው፤ ቅጠል የሸፈነውን ሁሉ ያገኛሉ። ጥቁሮቹ ማሽተት አይችሉም፣ ከላይ ሆነው ቀይ ራሶቹን ይጠብቃሉ፣ እነሱ ሲወርዱ ግር ብለው ይወርዱና ያባርሯቸዋል። ዛሬም እንዲሁ ሆነ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉም መሬት ናቸው። ዛፍ ላይ የቀረ የለም።

ንጉሥ የምንለው ትልቁ ጥንብ አንሳ አልመጣም።

ደሴቲቱ የዶን ታርሲሲዮ የግጦሽ መሬት ናት። ከብት ይሞታል። ሁልጊዜ ይሞታል።

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ዶን ታርሲሲዮ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለኝ። እንደ ወትሮው ነጭ ሸሚዙ ታጥቦ ተተኩሷል፣ ሽቶ ሽቶ ይላል።

«መምህር፣ ጉንፋኑ ተሻለዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይጠንቀቁ፣ የበጋ ጉንፋን መጥፎ ነው።» ክንዴን ይዞ ወደ ጥላው ወሰደኝ። «አንዲት የታመመች ላም ደሴቷ ላይ ወድቃብኛለች። ሰው ደግሞ ያወራል፣ ያውቁታል ይህን ከተማ። ያቺ ምስኪን ሴት ወፎቹን እያየች ትሰቃያለች። እርስዎ ስለ ወፍ የተናገሩትን ማን ይጠራጠራል? አንድ ቃል ቢነግሯት እኮ ታርፋለች።»

እኔ በዚህ ጉዳይ፣ ብዬ ጀመርኩ።

«እኅትዎ እንዴት ናቸው? ማለዳ ማለዳ በወንዙ ዳር ብቻቸውን ሲሄዱ አያቸዋለሁ። ጠንካራ ሴት ናቸው።»

ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

ኖሄሚ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፣ ዙሌማ ከጎኗ። «አበልጅ፣ እርስዎ ወፍ ያውቃሉ። እነዚያ ምን ላይ ነው የሚያርፉት? እውነቱን ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ።»

«ላም ናት» አልኳት። «የዶን ታርሲሲዮ ላም ናት።»

ፊቷ ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያ በሕይወት አለ ማለት ነው» አለች።

በሕይወት አለ አላልኩም። እኔ ያልኩት ላም ናት ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ወፎቹ ሄደዋል። ሦስት ጥቁሮች ብቻ አሸዋው ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ጽሑፉን ሳርም ዋልኩ። ስለ ቆዳ የጻፍኩትን አንቀጽ አወጣሁት፣ ረዝሞ ነበር። እንዲህ ይል ነበር፤ ቆዳው የደነደነ እንስሳ፣ ላምም ሆነ በቅሎ፣ ሲሞት የትንንሾቹ ጥንብ አንሳዎች ምንቃር አይበሳውም። ዓይንና አፍ ከነካኩ በኋላ ዛፍ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ፣ ቆዳው በስብሶ እስኪላላ ወይም ንጉሡ መጥቶ በጠንካራ ምንቃሩ እስኪቀድላቸው ድረስ። አንዳንዴ ሳምንት ይጠብቃሉ። ከዚያም አንድ ላም ለብዙ ቀን ትበቃቸዋለች።

ይህ ለተማሪዎች አስፈላጊ አይደለም። ፈተና ላይም አይመጣም።

አንድ ነገር ግን እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ጉንፋን እንደያዘኝ ለዶን ታርሲሲዮ ማን ነገረው? እስከ ቅዳሜ ድረስ ከቤት አልወጣሁም። ብላሲናን ጠየቅኳት። «ለማን ብዬ? ደግሞ የአንተ ንፍጥ ወሬ ሆኖ!» አለችኝ። ለኤርሜሊንዶ ብቻ ነው የነገርኩት። ስነጥስ ከመንገድ ሰምተውኝ ይሆናል። የእኛ መስኮት ዝቅ ያለ ነው።

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ

ብላሲና ከገበያ ስትመለስ የሰማችውን ነገረችኝ። ትናንት አመሻሹ ላይ የዶን ታርሲሲዮ ሰዎች አንዲት ላም በጠፍጣፋው ጀልባ ጭነው ወደ ደሴቲቱ ወስደዋል። በሕይወት ያለች ላም። ከዚያ ጥይት ተሰምቷል።

«አንዲት ላም ብቻዋን ለምን ይወስዳሉ?» አለች። መልሼ ሳልናገር እሷው «እኔ ምን አገባኝ» ብላ የዩካውን ሥር መላጥ ቀጠለች። ቢላዋው ከእጇ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

የራሱ ላም ናት። ወደፈለገበት ይወስዳታል።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ዶሚኖ መጫወቻው ቤት ሄድኩ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ግን መቅረቴን ሰው ያስተውላል ብዬ ፈራሁ።

አንዱ የዶን ታርሲሲዮ እረኛ አረቄውን ጨልጦ፣ «ኤርሜሊንዶ'ማ የታችኛው ወደብ ላይ ወፍራም መበለት አግኝቷል አሉ። ዓሣ ማጥመድ ትቶ ትራስ ያጠምዳል!» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ።

እኔም ሳቅኩ።

ረጅም ሳቅ አልነበረም። ቢሆንም ሳቅኩ፣ ድምፄን ሰማሁት። ቀና ስል ኤርሜሊንዶ ሁልጊዜ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ድንጋዮቹን እሱ እንደሚያደርገው በጥፍሩ ያንኳኳል። ጨዋታው ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁ። ሆዴን አሞኛል አልኩ። ሰሞኑን አንድ ያላመመኝ ነገር የለም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ዛሬ ንጉሡ መጣ።

ደሴቲቱ ላይ ወፎቹ ከዓርብ ጀምሮ ተመልሰዋል፤ አሁን ግን ዛፎቹ ሁሉ ጥቁር ፍሬ ያፈሩ መስለው፣ ሳይወርዱ ተቀምጠዋል። ጠዋት ከደቡብ በኩል በጣም ከፍ ብሎ አንድ ነጭ ነገር ታየኝ። ክንፉን አጥፎ ሲወርድ እንደ ድንጋይ ነው። ጥቁሮቹ በሙሉ መንገድ ለቀቁለት። ነጭ ጀርባ፣ ጥቁር የክንፍ ጠርዝ፣ ራሱና አንገቱ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፤ ዓይኑ ነጭ ሆኖ በቀይ ክብ ታጥሯል። እዚህ አካባቢ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ጻፍኩት፣ ሳልኩት። ሰዓታት አለፉ፣ አልታወቀኝም።

ስወርድ ኖሄሚ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆማ አገኘኋት። እዚያ ስትጠብቀኝ ቆይታለች።

«ደስ ደስ ብሎዎታል፣ አበልጅ» አለችኝ። «ጥሩ ነገር አዩ?»

«ወፍ ነው» አልኩ።

«አሁንም ያቺው ላም ናት?»

«አዎ» አልኩ። «አሁን ላም ናት።»

አሁን የምትለውን ቃል ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ልብ ያለች አልመሰለኝም።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

ኖሄሚ የታችኛው ወደብ ድረስ ሄዳ መበለት ያለችበትን ቤት ሁሉ እያንኳኳች ጠይቃለች። የሕፃናት መሳቂያ ሆና ተመለሰች አሉ። ጫማዋ ተበጥሶ በገመድ አስራው ነበር።

ልነግራት ይገባል። ግን ምን ብዬ? የማውቀው ወፎች መቼ እንደሚወርዱ ነው። እሱ ደግሞ ማስረጃ አይባልም። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ይሳቅበታል።

ጃንዋሪ 27፣ ሰኞ

ትምህርት ተከፈተ። ዙሌማ ከፊት ተቀምጣለች፣ የአባቷን ሰዓት እጇ ላይ አስራለች፣ ሰፍቷት ይንሸራተታል።

ጽሑፉን አከፋፈልኩ። ጥንብ አንሳ የድምፅ ዕቃ እንደሌለው፣ ማፏጨትና ማጉረምረም ብቻ እንደሚችል፤ አፍንጫው ከግራ ወደ ቀኝ ቀዳዳ ስለሆነ በጎን ሲያዩት ሰማይ እንደሚታይ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ የሞተን ከብት በሽታ እንደሚገድል። ልጆቹ «እየ!» እያሉ ሳቁ። ዙሌማ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አምና የሞተችውን በቅሎ ሊያሳዩን ወስደውን ነበር። ወፎቹ ለምን ነበር ዛፍ ላይ የተቀመጡት?»

«ቆዳዋ ገና አልላላም ነበር።»

«ላምስ ብትሆን?»

«ላምም ያው ነው።»

«እዚህ ላይ ግን አልጻፉትም።»

«ረዝሞ ስለነበር ነው።»

«ደሴቷ ላይ የመጀመሪያ ቀን ነው የወረዱት። ከቤታችን ጓሮ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን አልነበሩም። ከዚያ እንደገና መጡና ያኔ ነው ዛፍ ላይ የጠበቁት።»

ልጆቹ ወደ ደብተራቸው አጎነበሱ። የልጆቹ ወላጆች ግማሹ የሚሠሩት ለዶን ታርሲሲዮ ነው።

«የመጀመሪያዋን አውሬ ቀዷት ይሆናል» አልኩ።

«ደሴት ላይ ምን አውሬ አለ፣ ክርስትና አባቴ?»

ክፍል ውስጥ እንዲህ ጠርታኝ አታውቅም።

«ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ዞርኩ፣ ጠመኔው ተሰበረ፣ ሌላ አነሳሁ፣ ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ።

ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

ዙሌማ ዛሬ ቤት መጣች። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ብላሲና በሩ ላይ ቆመች።

«የለም» አለቻት።

«ጫማው እዚህ ነው።»

«ሌላ ጫማ አድርጎ ወጥቷል።»

«ሌላ ጫማ የለውም፣ እማማ ብላሲና።»

 ልጅቷ ስትሄድ ይሰማኛል። ብላሲና መጥታ ጓዳው በር ላይ ቆመች፣ አየችኝ። ለእራት ሾርባውን ሰሐኔ ውስጥ እንደ መወርወር አድርጋ ጨለፈችልኝ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ። የእመቤታችን የሻማ በዓል

ችኮላ ላይ ነኝ። ሥዕሏን በጀልባ ወንዙ ላይ የሚያዞሩት እንደ ልማዱ ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ዳር ሆነው ርችት ይተኩሳሉ፣ ይጠጣሉ። የዶን ታርሲሲዮ ጠባቂዎችም ሁሉም እዚሁ ሲጠጡ ነበር።

ጀልባዎቹ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አልታጠፉም። ኖሄሚ ከፊት ናት። እየዘመሩ ቀጥ ብለው ወደ ደሴቲቱ ሄዱ፣ ሻማዎቻቸው እንደበሩ፣ አካፋ ይዘዋል። አካፋዎቹን ከሥዕሏ መቀመጫ በታች ደብቀውት ነበር። ከመካከላቸው ብላሲናን አየኋት። እኅቴን!

አንዲት ታንኳ ዳር ላይ ቀርታ ነበር፣ ባለቤቷ «መምህር፣ ይሻገራሉ?» አለኝ።

ጉልበቴን ያመኛል አልኩት።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ

ይህን በሥርዓት መጻፍ አለብኝ።

ሴቶቹ ትናንት አመሻሽ ላይ አጥንቶቹን በሁለት ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ጠቅልለው አመጡ። ጠባቂዎቹ ሊያስቆሟቸው ሞክረው፣ ሥዕሏን ተሸክመው ስላዩ፣ ከተማውም በሙሉ ዳር ቆሞ ስለሚያይ፣ ወደኋላ አሉ። የዶን ታርሲሲዮ ሰዎች ላሚቱን ጎትተው የጣሏት ኤርሜሊንዶ በወደቀበት ላይ ነው። አጥንቶቹ ተደባልቀዋል። ጥቁሮቹ፣ ቀይ ራሶቹ፣ ንጉሡ፣ ሁሉም በተራ ጎትተዋቸዋል፣ ተሸክመው ስለማይሄዱ ግን ሁሉም እዚያው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ኖሄሚ ትምህርት ቤት መጣች። «አበልጅ፣ ይለዩልኝ» አለችኝ። «ባሌን ከላም ይለዩልኝ። ግማሽ ላም ልቀብር አልፈልግም።»

የሳይንስ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ብላሲና አዲስ አንሶላዋን አነጠፈች፣ ለራሷ መገነዣ ያስቀመጠችውን። የበዓል ማግስት ስለሆነ ትምህርት አልነበረም። እኔ፣ ኖሄሚ፣ ዙሌማ፣ ብላሲና። መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ ዙሌማ ከፈተቻቸው።

የላሚቱ ጎድን ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ የሰው ጠባብና ክብ። ይህን ወደዚህ፣ ያንን ወደዚያ። የእጅ ትንንሽ አጥንቶች፣ እንደ ጠጠር፣ እያንዳንዳቸውን አነሳሁ። ዓሣ ሲጠቀልልልን፣ ትከሻዬን ሲመታኝ የነበረ እጅ ነው። የግራ ክንዱ በወጣትነቱ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነበር የዳነው፤ አገኘሁት። ኖሄሚ ከእጄ ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ ራስ ቅሉ። ከጆሮ ኋላ ቀዳዳ አለ፣ ክብ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባ።

«ወፍ ነው ያደረገው?» አለች ዙሌማ።

«ምንቃር እንዲህ አይሠራም» አልኩ። «ጥይት ነው።»

በብዙ ሳምንት ውስጥ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው።

ኖሄሚ አንሶላውን ማጠፍ ጀመረች፣ ጥግ ከጥግ እያገጣጠመች። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጉንፋን፣ እኅቴ፣ ማስረጃ፣ ዳኛ፣ ያልኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር።

«በመጀመሪያው ቀን» አልኩ። «ወፎቹ ሲወርዱ።»

«ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጅህን ስስምህ ታውቅ ነበር?»

ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ አንተ ብላኝ አታውቅም።

«አውቅ ነበር።»

ማጠፉን ጨረሰች። ዙሌማ የላሚቱን አጥንቶች ለብቻ በከረጢት ከተተች፣ አንድም ሳታስቀር፣ አንሥታ በሩ ላይ አስቀመጠችው።

ፌብሩዋሪ 5፣ ረቡዕ

ቀበርነው። በእኛ ወግ የሬሳ ሣጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል የሚይዘው አበልጅ ነው። ቀርቤ እጄን ስዘረጋ ኖሄሚ ክንዴን ያዘችኝ። አልጮኸችም። «አንተ ከኋላ ና» አለችኝ። ቦታዬን በበዓሉ ቀን ይሻገራሉ ላለኝ ባለ ታንኳ ሰጠችው።

ከሁሉም ኋላ ሄድኩ፣ ከሕፃናቱና ከውሾቹ ጋር። ዶን ታርሲሲዮ ሰገነቱ ላይ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከሰልፉ ሁሉ መርጦ ሰላም ያለው እኔን ነው። አጸፋውን ልመልስ እጄ ከፍ ብሎ ነበር። አወረድኩት። ሰው አይቷል።

ፌብሩዋሪ 7፣ ዓርብ

ዙሌማ በሩ ላይ መጣች፣ አልገባችም። «የፊታችን ረቡዕ ዋናው ከተማ፣ ዳኛ ዘንድ እሄዳለሁ። የሚመጡ ከሆነ ጀልባው ጠዋት ይነሳል» ብላኝ ሄደች።

ብላሲናን አማከርኳት። ለአንቺ ፈራሁ፣ ማለዳ ብቻሽን ትሄጃለሽ፣ ያ ሰውዬ የተናገረውን አልነገርኩሽም እንጂ፣ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

ድስቱን ከእሳት አወረደችው። «እኔን ሰበብ አታድርገኝ። እኔ በራሴ ፈርቻለሁ፣ ከዚያ አካፋ ይዤ ተሻገርኩ። አንተ በእኔ ስም ፈራህና ዳር ቆመህ ቀረህ።»

ከዚያ ነጩን ሸሚዜን ልታጥብ ወሰደችው።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሰኞ

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጠርቶ ፈቃድ ብወስድ እንደሚሻል በትሕትና ነገረኝ። ማን እንዳናገረው አልጠየቅኩም። ከዶሚኖ ጓደኞቼ አንዱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ላለመሄድ ምክንያት ስፈልግ ውያለሁ፤ ልደብቀው አልችልም። ሁለት ጥሩ ጥሩ አግኝቻለሁ። እዚህ አልጽፋቸውም፣ ከጻፍኳቸው እጠቀምባቸዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 12፣ ረቡዕ

ከዋናው ከተማ፣ ማደሪያ ክፍል ውስጥ።

ጀልባው ላይ ዙሌማ ከፊት ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ኖሄሚ አልመጣችም፣ «እኔ ብሄድ አለቅሳለሁ፣ እነሱ ደግሞ እንባ አይጽፉም» ብላታለች።  መንገድ ላይ ውኃ ሲረጨን ዙሌማ የአባቷን ሰዓት በመሐረብ ሸፈነችው።

የዳኛዋ ቢሮ ጠባብ ነው፣ ማራገቢያው ይንቋቋል። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ላቡን እየጠረገ በታይፕራይተር ይመታል። ዳኛዋ ስለ ወፎቹ ስጀምር ቅንድቧን አነሳች፣ በመጀመሪያው ቀን ለምን እንደወረዱ ሳስረዳ ግን ጸሐፊውን «ይህን ሳትዘል ጻፈው» አለችው። ስለ ላሚቱ ነገርኳት። ስለ ጉንፋኑ ነገርኳት፤ ለኤርሜሊንዶ ብቻ እንደነገርኩት፣ ዶን ታርሲሲዮ በአራተኛው ቀን እንደጠየቀኝ፣ ኤርሜሊንዶ እሱ ቤት ካልደረሰ በቀር ሊያውቅ እንደማይችል። ዳኛዋ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ይህን ሁሉ እያወቁ ለሚስቱ ምን አሏት?»

«ላም ናት አልኳት።»

ጸሐፊው በታይፕራይተሩ መታው። ሦስት ትንንሽ ቃላት ናቸው፣ ፈጥኖ ጨረሰው።

ዙሌማ ግድግዳው ሥር ቆማ ታዳምጥ ነበር። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።

በመጨረሻ ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ላይ መለሰና ባዶ የተወውን ቦታ አገኘ። «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና?» አለኝ።

አበልጁ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ዝምድና የለንም» አለች ዙሌማ፣ ከኋላዬ፣ በረጋ ድምፅ። «የእኔ አስተማሪ ነበር።»

ጸሐፊው እኔን አየኝ።

«እንዳለችው ጻፍ» አልኩት። ፈረምኩ።